ፈትለወርቅና የታላቁ ሰው ሳጥን

ፈትለወርቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የካልጋሪ አየር ማረፊያን ሽንት ቤት ስታጥብ አንድም ቀን አቅለሽልሿት አያውቅም። ሕፃን ያስመልሳል፤ ሽማግሌ ያመልጠዋል፤ አውሮፕላን ውስጥ ሲጠጣ የመጣ ጎረምሳ ግድግዳውን ሳይቀር ያበላሻል። እሷ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ባልዲዋን ትገፋለች፣ ውሃ ትለቅበታለች፤ አለቀ። «ከሰው የወጣ ነው፤ በውሃ ይሄዳል» ትላለች። በውሃ የማይሄድ ቆሻሻ መኖሩን ያወቀችው በዚያ በታላቅ ሰው ምርጫ ጊዜ ነው።

ነገሩ የመጣው ከቤንጋሊው ነው፤ እሱ ግን ጥፋት የለበትም።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 2004፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የነዳጁ ዋጋ ሽቅብ ወጥቶ ከተማው ያበደበት ጊዜ። ወደ ሰሜን ነዳጅ ማውጫው ሄዶ ሦስት ሳምንት የሠራ ልጅ አዲስ ፒክአፕ እየነዳ ይመለሳል። ታራዴል በሚባለው ሠፈር ትናንት ሣር የነበረው ዛሬ ቤት ነው፤ ዛሬ ቤት የሆነው ነገ ዋጋው ሌላ ነው። ፈትለወርቅ እዚያው ታራዴል የሰው ቤዝመንት ተከራይታ ትኖራለች። ከላይ ያሉት ባለቤቶች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀያይረዋል፤ እሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። «ያ ቤት ሲሸጥ ከነምድጃው ከነፈትለወርቅ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ።

ቤንጋሊው ሲራጁል ይባላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ጆሮውን በሻርፕ የሚጠቀልል፣ የወለል ማጠቢያ ማሽኑን እንደ በሬ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሚነዳ ሰው ነው። ባሪሳል በሚባል ወንዝ የበዛበት አገር የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር። በዚያ ክረምት በሻይ ሰዓት ደብተር ይዞ ይቀመጥና ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይተክዛል። ፈትለወርቅ ዓይን አፋር ናት፤ የሰው ነገር አትጠይቅም። ሦስት ሳምንት ዝም ብላ አየችው። በመጨረሻ ግን አላስችል አላት፤ ሁለቱም በሚችሏት በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛ፦

«ሚስተር ሲራጁል፣ ምንድነው? የፍርድ ቤት ወረቀት ነው?»

«ምርጫ ነው» አላት። «የኛን ቋንቋ የሚያሰራጭ የውጭ አገር ሬዲዮ አለ። እስከ ዛሬ ከተወለደ ቤንጋሊ ሁሉ ታላቁ ማነው ብሎ አድማጩን ጠየቀ። አንድ ሰው አምስት ስም ይጽፋል። ተቆጥሮ ሃያዎቹ አንድ በአንድ በሬዲዮ ይነገራሉ።»

«አምስት ስም ሦስት ሳምንት ይፈጃል?»

«አራቱማ በአንድ ቀን አለቁ። ገጣሚ አለ፣ መሪ አለ፣ እነሱን ሁሉም ይጽፋቸዋል። አምስተኛው ነው የቸገረኝ።» ደብተሩን አዞረላት፤ ፊደሉ ከላይ በመስመር የተያያዘ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይመስላል። «ይሄ ኦኒል ማስተር ነው። በጎርፍ ጊዜ ጀልባ እየቀዘፈ ከቤት ቤት ዞሮ ፊደል ያስቆጠረን።»

«ያሸንፋል?»

ሲራጁል ሳቀ። «የት ያሸንፋል! ከሃያው አይደርስም። ግን ደብዳቤውን የሚከፍት አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ሲቆጥር ስሙን አንዴ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ኦኒል ማስተር ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ስሙን የሚጠራ ከኔ በቀር የለም።»

ፈትለወርቅ ሻይዋ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት ትዝ አለቻት።

ሸዋወርቅ መንገሻ ትባላለች። አገር ቤት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ እዚህ ግን ከፈትለወርቅ ጋር እኩል ሞፕ ትገፋ ነበር። ፈትለወርቅ የሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ ናት። ከልጅነቷ እንዝርት ስታሾር ኖራ የትምህርት ቤት በር አልረገጠችም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ቀበሌው ቁጥር መሙላት ነበረበትና «ማንበብና መጻፍ ችላለች» የሚል ወረቀት ከነማኅተሙ ሰጣት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ገልብጣ እንደሰቀለችው ያወቀችው እንግዳ ሲስቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ባየች ቁጥር ላብ ያጠምቃታል።

እዚህም ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ በየሰዓቱ ያጸዳ ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ይንጠለጠላል። ፈትለወርቅ አንድ መስመር ጫር አድርጋ ታልፍ ነበር። ሸዋወርቅ አየቻት። በማግሥቱ የሞላውን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው «ፈ» ጻፈችና «ይቺ ያንቺ ናት፤ ዛሬ ይቺን ብቻ ጻፊ» አለቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሻይ ሰዓት፣ በዚያ የሽንት ቤት ወረቀት ጀርባ ላይ ፊደል ቆጠሩ። ፈትለወርቅ ንባቧ በበረዶ ላይ እንደቆመች ፍየል ነው፤ አንድ እግር ካላስተማመናት ሌላውን አታነሣም። ግን ታነባለች። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ቸርች ውስጥ ማይክራፎን ሰጥተው ጥቅስ አንብቢ ይሏታል፤ ከዚያ ሞት ይሻላል። በቸርች ዝማሬ ሲባል መጽሐፉን ከፍታ በቃሏ ትዘምራለች።

ሸዋወርቅ ከሁለት ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ሞተች። ቀብሩ ማክሰኞ ዋለ። ያኔ የጽዳቱ ሱፐርቫይዘር ሙሉጌታ ነበር፤ አሁንም እሱ ነው። «ሺፍቱን ማን ይሸፍናል? ሁሉ ሰው ቀብር ከሄደ አውሮፕላኑ ሽንት ቤት ይዞ ይመጣል?» ብሎ ለፈትለወርቅ ሁለት ሰዓት ብቻ ሰጣት። አሥራ አንድ ሰው ቆመ። በኛ ወግ ሟች አፈር ከመልበሷ በፊት የሕይወት ታሪኳ ይነበባል፦ የት ተወለደች፣ ምን ሠራች፣ ማንን ጠቀመች። «ማን ያነባል?» ተባለ። ፈትለወርቅ ጽፋው ነበር፤ ሦስት ሌሊት የለፋችበት፣ በሽንት ቤቱ የፊርማ ወረቀት ጀርባ፣ ኪሷ ውስጥ ነበር። እጇ ኪሷ ገባ። ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ሣጥኑ እየወረደ ነው። ሸዋወርቅ ታሪኳ ሳይነበብላት፣ እንደ ዕቃ ተቀበረች። ወረቀቱ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ይቺን ሴት ነው ቤንጋሊው ያስታወሳት።

ሙሉጌታ የሻይ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የቤንጋሊውን የምርጫ ወሬ ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ሙሉጌታ ሳምንቱን ሱፐርቫይዘር፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ሻጭ፣ በፓስተር ታደገ ጉባኤ ደግሞ የዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጣና፦

«ወገኖች፣ ዓለም ታላላቆቹን እየመረጠ ነው! ቤንጋሊ መረጠ። እኛ ማን ያንሰናል? ለአሥረኛ ዓመት በዓላችን የካልጋሪን ታላቅ ሐበሻ እንመርጣለን። አንድ ሰው አምስት ስም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፓስተር ታደገም ተነሥተው፦ «መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር» አሉ። «ማንም ቅር እንዳይለው የተጻፈው ስም ሁሉ በጉባኤው ፊት ይነበባል። አንድም አይቀርም።»

ፈትለወርቅ ከኋላ ወንበር ላይ ቀና አለች። ይነበባል።

ከጉባኤው በኋላ ኮሚቴው ሳጥኑን ማን ይያዝ ብሎ ተከራከረ። አንዱ ቁልፍ ይኑረው ይላል፤ ሌላው ቁልፍ ያለው ሰው ይከፍተዋል ይላል። ሙሉጌታ ጣቱን አጮኸ።

«አገኘሁላችሁ! ማንበብ ለማይችል ሰው ስጡት። እህት ፈትለወርቅ! ብትከፍተውስ ምን ልታነብ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? ይኸው ሞኝና ወረቀትን አንድ ላይ አሰርኩላችሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓስተር ታደገ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነላቸውም፣ ሳቁ። ፈትለወርቅም ሳቀች። የሳቀችው ፊቷ ነው፤ ሆዷ አልሳቀም። ሳጥኑን አቅፋ በአውቶቡስ ታራዴል ገባች።

የራሷን ወረቀት በዕረፍት ቀኗ ከቁርስ እስከ ምሳ ጻፈችው። አሥር ጊዜ በሌላ ወረቀት ተለማመደች። ከዚያ ኮሚቴው ባደለው፣ አምስት መስመር ባለው ካርድ ላይ አንድ ስም ብቻ፣ ሸዋወርቅ መንገሻ ብላ ጽፋ አጠፈችው። አራቱን መስመር ባዶ ተወችው። ሌላ ማንን ትጻፍ። ይህን የነገረችው ለሲራጁል ብቻ ነው።

በዓሉ ቅዳሜ ዋለ። ሜይላንድ ሃይትስ ያለውን የሠፈር አዳራሽ ተከራይተዋል። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ቀን ቀልጦ፣ መኪና ማቆሚያው ጭቃ ነው። ሴቶቹ ምግብ ሲደረድሩ ሙሉጌታና ፈትለወርቅ ለቆጠራ ከኋላ ያለው ኩሽና ገቡ። ሙሉጌታ በሩን ዘጋ።

«አንቺ ዱላ ዱላ አስምሪ፤ እኔ አነባለሁ። ምናልባት እኔን የጻፈ ካለ በዚህ በኩል፣ ሌላውን በዚያ በኩል። ቀላል ነው፤ አትፍሪ።»

የመጀመሪያውን ካርድ ከፈተ። ከላይ ያለውን ስም «ፓስተር ታደገ» ብሎ አነበበ። እሷም ሰርቃ አየች፤ ልክ ነው። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ልክ ነው። ሦስተኛውን ከፈተና ወደ እሷ አዙሮ፣ ለሕፃን ሥዕል እንደሚያሳይ ሰው ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ሙሉጌታ» አለ። «ያሳፍራል፣ እኔንም ጻፉኝ!»

ፈትለወርቅ አየችው። ከላይ የተጻፈው ስም ረጅም ነው፤ እንደ ዕቃ ባቡር የተቀጣጠለ። በሆዷ ቆጠረች፤ ሰባት ፊደል። መጀመሪያ በራሷ ፈረደች፤ ዘወትር በራሷ ነው የምትፈርደው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ዓይኔ ነው» አለች። ቀስ ብላ አነበበችው። ዓብዱልቃድር ይላል። ሰባት ፊደል እንዴት ሆኖ አራት ይነበባል?

ዓብዱልቃድር አየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዳ ሐረሬ ነው። አዲስ የመጣ ስደተኛ ሻንጣውን ይዞ ሲደናገር ካየ የሂሳብ መቁጠሪያውን አያበራም፤ ካፖርት ሳይቀር ከኋላ ወንበር ላይ ይዞ ይዞራል። የጉባኤው ሰው ግማሹ በእሱ መኪና ነው ካልጋሪን ያየው። ጮክ ብሎ የሚያመሰግነው ግን የለም፤ እስላም ነዋ። በድብቅ ሲሆን እጃቸው እውነቱን ጻፈ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ ካርድ ላይ አነበበችው። አሥራ አንዱንም ሙሉጌታ «ሙሉጌታ» ብሎ አነበበው። እያንዳንዱን እያዞረ ያሳያታል ደግሞ! «ተመልከቺ እስቲ፣ ይሄኛውማ ፊደሉ እንዴት ያምራል፣ ሙ-ሉ-ጌ-ታ» እያለ በጣቱ በሌላ ሰው ስም ላይ ይሄዳል። ፈትለወርቅ ዱላ ታሰምራለች። በስተግራ ያለው ዱላ ጫካ ሆነ።

ከዚያ የራሷ ካርድ መጣ። ገና ሲከፍተው አወቀችው፤ አራት ባዶ መስመር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሙሉጌታ ካርዱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ይህን ስም ያውቀዋል፤ የሺፍት አቤቱታ ለሠራተኛው ሁሉ ትጽፍ የነበረችው እሷ ናት፤ ቀብሯን በሁለት ሰዓት የለካውም እሱ ነው። ፈትለወርቅን አያት። እሷ የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ታያለች።

አሁን ይፈራል፣ አለች በልቧ። የሞተ ሰው ስምስ አይነካም።

«ሙሉጌታ» አለ። ደግሞ ሳቀ። «ይሄኛው ሌላ ሰው እንኳ አልጨመረም። ምን ያህል ቢወደኝ ነው!»

ካርዱን ጨብጦ ከሌሎቹ ጋር በጥቁሩ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጣለው።

ጉሮሮዋ ላይ መጣ። «ሽንት ቤት» አለችና ሮጠች። የአዳራሹ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን ወለሉን አበላሽቶት ሄዷል። ፈትለወርቅ ማስመለሷን ተወችና ወረቀት አንሥታ ወለሉን ጠረገች፤ እጇ ልማዱ ነው። ጠርጋ ስትጨርስ ተረጋጋች። ይሄ ምንም አይደለም፣ ይሄ ከሰው የወጣ ነው። ያኛው ግን ወዴት ይጠረጋል?

ስትመለስ ሙሉጌታ ውጤቱን ጽፎ ጨርሷል። «ስሙን ሁሉ ማንበብ ምግቡን ያቀዘቅዛል፤ አሸናፊው ብቻ ይበቃል» አላት። ከታች «ቆጣሪና ምስክር» ብሎ ባዶ ቦታ ትቷል። ከቤት መሸጫ ቢሮው ሰማያዊ የማኅተም ቀለም አምጥቶ ፊቷ ገፋው።

«አውራ ጣትሽን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ እዚህ። ከዚያ አጥፈሽ ፖስታው ውስጥ ክተቺና በፕላስተር እሸጊው። በጉባኤው ፊት ነው የሚከፈተው፤ እንዲያምር።»

ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ! አዎ ነኝ! አይ፣ አይ፣ ኦፈሩ ዛሬ ያልቃል! ታራዴልን ዛሬ ያልገዛ ነገ አይገዛውም!» እያለ በኋላ በር ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ሲወጣ አውራ ጣቱን አነሣላት፤ ቶሎ በይ ለማለት።

ፈትለወርቅ ብቻዋን ቀረች። ወረቀቱን አየች። ባትፈርም ሌላ ሰው ይፈርማል። ብትቀደው ሌላ ይጻፋል። ጣቷን ብታሳርፍ ግን ያ ሁሉ ዱላ የእሷ ነው። ጣቷን አየችው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቆሻሻ ነክቷል፤ ይሄን ግን እንቢ አለ። ሁለት ዓመት በካፖርት ኪስ ውስጥ የኖረው ወረቀትም ትዝ አላት። የዚያን ማክሰኞም እጇ ኪሷ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ሣጥኑ ወረደ።

የሙሉጌታን እስክሪቢቶ አነሣች። «ቆጣሪና ምስክር» ከሚለው ጎን፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ፊደል በፊደል፣ ሸዋወርቅ መንገሻ ብላ ጻፈች። አጠፈችው። አሸገችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና በዕቃ መጥረጊያው ፎጣ ላይ አሳረፈች።

ሙሉጌታ ሲመለስ የጣቷን ሰማያዊ አየ። «ጎበዝ! የኔ እናት!» አለ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ውጤቱን እንድታነብ የተመረጠችው ሩሐማ ናት፤ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አማርኛ ማንበብ የተማረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ እሷም በበረዶ ላይ እንደቆመች ፍየል ናት።

«ኦኬ፣ ላይክ… ሰላም ለሁላችሁ። አማርኛዬን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ኦኬ?» ሰው ሳቀላት። ፖስታውን ቀደደች። «የካልጋሪ… ታላቅ… ሐበሻ… ወንድም… ሙሉጌታ!»

ስሙ ሳይጠራ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ የነበረው ሙሉጌታ ደረቱን ይዞ ተነሣ። «እኔ? ኧረ እኔ ምን አደረግኩ!» እልል ተባለ። ሩሐማ ግን እጇን አነሣች።

«ዌት፣ ዌት። አልጨረስኩም። እዚህ ታች ሌላ አለ። ቆጣሪና… ምስክር…» ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረበች። «ሸ… ዋ… ወርቅ። መን… ገሻ። ሸዋወርቅ መንገሻ!»

በማይክራፎን ነው። ከኋላ ግድግዳ ሳይቀር ተመልሶ መጣ። ፈትለወርቅ ከኋላ ወንበር ሰማችው፤ ተነበበ።

እልልታው አንዱ ጋ ቀጥሎ ሌላው ጋ ተቋረጠ።

«ማን አለች?» አለች ውብነሽ፣ ምግብ የምትቀዳው።

«ሸዋወርቅ መንገሻ። ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች ሩሐማ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ሀይሌ፣ ከፊት ወንበር ያሉት ሽማግሌ፣ «እሷ እኮ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ። ታዲያ እንዴት ቆጠረች?»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ አጠገቡ ያለው በክርኑ ወጋው። ሙሉጌታ መድረኩ ላይ ደርሶ ወረቀቱን ነጠቀ። አየው። ወደ ኋላ ወንበር አየ።

«ይሄ… ይሄ ቀልድ ነው ወገኖች! አንድ ሰው ተጫውቷል። እህት ፈትለወርቅ እንደሆነች ማንበብ መጻፍ አት—»

እዚያ ላይ አፉ ቆመ። አትችልም ቢል፣ አሽጋ የሰጠችው እሷ ናት፤ ታዲያ ማን ጻፈው? ትችላለች ቢል፣ ያን ሁሉ ካርድ ፊቷ ላይ ሲያዞር አንብባዋለች ማለት ነው።

ሩሐማ ምንም አልገባትም። «እትዬ ፈትለወርቅ፣ አንቺ… ሶሪ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ሁለት መቶ ፊት ዞረ። ፈትለወርቅ ጎንበስ ልትል ነበር። አላለችም።

«አዎ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ሌላም ልትል ነበር። ከረጢቱን ክፈቱት፣ ካርዱን እናንተው አንብቡት ልትል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፓስተር ታደገ ግን እጃቸውን አጨብጭበው ብድግ አሉ።

«እሺ ወገኖች፣ ትንሽ ስሕተት ተፈጥሯል፤ ኮሚቴው ያየዋል። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ፣ እንጸልይና…»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። አሜን ተባለ። ከዚያ ሳህን ተያዘ።

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሻት። ሙሉጌታስ ሌባ ነው፤ ሌባ ይሰርቃል። እነዚያ አሥራ አንዱ ግን የጻፉትን ያውቃሉ። ስሙ ሁሉ ይነበባል ተብሎ ስላልተነበበ፣ የጻፉት እንዳልተቆጠረም አሁን ያውቃሉ። ተሰልፈው ሥጋ ይመርጣሉ፤ «ከዚያኛው ጨምሪልኝ፣ አጥንቱን ተይው» ይላሉ። ዋንጫው ተሰጠ፤ ፎቶ ተነሣ።

ውብነሽ ሳህን ሞልታ ይዛላት መጣችና ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። «እኔ ዓብዱልቃድርን ነበር የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተነሥተሽ አትናገሪም?»

«አንቺስ?»

ውብነሽ ሳህኑን አስቀምጣ ምግብ ወደምትቀዳበት ተመለሰች። ፈትለወርቅ ምግቡን አልነካችውም። ቅባቱ ሳህኑ ላይ ሲረጋ እያየችው ተነሥታ ሄደች። ወደ ከረጢቱ ሄዳ ነበር፤ ባዶ ነው። ካርዶቹን አንድ ሰው አስቀድሞ ጥሏቸዋል። ቆሻሻ በጊዜው ሲጣል ያየችው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ ሲራጁል ሬዲዮው ከሃያ እስከ አንድ ቆጥሮ መጨረሱን ነገራት። ኦኒል ማስተር የለም።

«ያንቺዋስ?» አላት። «ተነበበች?»

«ተነበበች። በማይክራፎን።»

«ስንተኛ ወጣች?»

«አልወጣችም። ምስክር ናት።»

ሲራጁል ይህን ለመረዳት ትንሽ ደከመ፤ ከዚያ ተወው። ፈትለወርቅ እጇን ካፖርቷ ኪስ ከተተች። ያን በጀርባው የተጻፈበትን ወረቀት አወጣች። ሁለት ዓመት ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል።

«ቋንቋው የኔ ነው፤ አይገባህም። ላንብብልህ?»

ሲራጁል ሻርፑን ከጆሮው ፈታ። ከዚያ ብድግ አለ፤ አስተማሪ ሲገባ የሚነሣ ተማሪ ነው የሚመስለው።

«ሸዋወርቅ መንገሻ» ብላ ጀመረች፣ «ከአባቷ ከአቶ መንገሻ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ… ከወይዘሮ አሰለፈች፣ በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደች…» አንድ እግር አስተማምና፣ ሌላውን እያነሣች።

ግማሹ ላይ ስትደርስ ሙሉጌታ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከሱሪው ኪስ አዲሱ የቤት መሸጫ ካርዱ ይታያል፤ ዋንጫውን ይዞ የተነሣው ፎቶ ታትሞበታል። «እህት ፈትለወርቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉ የሚሸሸው የጭነት ሕንፃው ሺፍት ያንቺ ነው። አሁን ደግሞ አምስተኛው በር ሽንት ቤት ተደፍኗል፤ ወለሉ ውሃ ነው።»

«ጥቂት መስመር ቀርቶኛል» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«ሰማሽ ያልኩሽን?»

«…ለሥራ ባልደረቦቿም ስለ ዕረፍት ሰዓት አቤቱታ ትጽፍ ነበር። በታመመች ጊዜ ጠያቂ አላጣችም፤ የቀብሯ ዕለት ግን ሺፍት ነበር…»

ሙሉጌታ ሊሄድ ዞረ። አልሄደም። ሲራጁል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንድ ቃል አይገባውም። እዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማው ሰው ሙሉጌታ ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው፣ ነፍስ ይማር እስከሚለው ድረስ፣ የበሩን እጀታ ይዞ ሰማው።

ፈትለወርቅ ወረቀቱን አጠፈች። ጓንቷን አጠለቀች፤ ባልዲዋን ገፋች። አምስተኛው በር ሽንት ቤት እንዳለውም ተደፍኖ ነበር፤ ወለሉ ላይ ብዙ ነገር ይንሳፈፋል። ክፉ ይሸታል። ውሃ ለቀቀችበት፤ ሄደ።